ማማው ላይ ቆሞ የሚጠፋው ሰው

የቀረፅኳቸው ፊልሞች ውስጥ ሰው እንደሌለ መጀመሪያ ያስተዋለው ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ ነው።

እኔ ወረታ ከተማ ከዋናው መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ስሜ የሺ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ስፌቱን ሰው ሲሰፋ አይቼ ተማርኩ፣ ድሮን ማብረሩንም ከስልክ ላይ እያየሁ ተማርኩ። አርባን የተሻገረች ሴት መጫወቻ ታበራለች ተብሎ ብዙ ተስቆብኛል። ሳቁ አይከፋኝም ነበር፤ እንዲያውም ሊስቁ የመጡ ሁሉ ሱሪ አሳጥረው ይሄዱ ነበር።

የመጀመሪያዋን ድሮን ሰርግ ከሚቀርፅ ሰው በአሮጌ ነው የገዛኋት። ትንሽ ናት፣ ጩኸቷ ግን እንደ ጢንዚዛ ነው። ካሜራዋ ዓይኑ እንደ ደከመ ሽማግሌ ራቅ ያለውን አይለይም። ሥራ ቀዝቀዝ ሲልልኝ፣ ከወረዳው ያወጣሁትን ፈቃድ ይዤ ወደ ፎገራ ሜዳ እወጣና አበራታለሁ። ሜዳውን ከላይ ማየት ምን እንደሆነ ላላየው ሰው እንዴት ብዬ ልንገረው። የሩዙ ማሳ እንደ ተጣጠፈ ጨርቅ ይዘረጋል፣ ውኃው በየስፌቱ መሐል ያበራል። ሰፊ ስለሆንኩ ይሆናል እንዲህ የሚታየኝ።

ከፊልሞቼ ሁሉ የምወደው አንድ ነበር። ሁለት በሬዎች ተጠምደው፣ ሞፈርና ቀንበሩ እንዳለ፣ በግማሽ በታረሰ ማሳ መሐል ቆመዋል። ሌላ ምንም የለም፣ ፀጥታ ብቻ። ያየው ሁሉ አደነቀልኝ። ጋሽ ሰይድ ግን ጨርቅ ሻጭ ነው፤ ጨርቅ ሲያገላብጥ እንከን መፈለግ ለምዷል።

«ገበሬው የት አለ?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሽ ሰይድ፣ ውኃ ሊጠጣ ሄዶ ይሆናል።»

«በሬ ጠምዶ ጥሎ የሚሄድ ገበሬ አይቼ አላውቅም። ሌላውም እኮ እንዲሁ ነው። መንገዱ ባዶ፣ ማሳው ባዶ። ሰንበት ሰንበት ነው እንዴ የምትቀርጪው?»

«ማክሰኞ ነው።»

«ታዲያ አገሩ ወዴት ሄደ?»

«ካሜራው ነዋ፣ ሰው አይለይም» አልኩት። ደግሞም አምኜበት ነው። እንዲያ አይነት ነገር የሚያሳስብበት ጊዜም አልነበረም። ከተራራው ማዶ የከባድ መሣሪያ ድምፅ እየሰማን ያሳለፍነው ክረምት ገና ዓመቱ ነበር። ዝም ያለ ነገር ሁሉ ለእኔ ሰላም ይመስለኝ ነበር።

በቀጣዩ ክረምት ሁለተኛዋን የስፌት መኪናዬን ሸጥኩና ባሕር ዳር ወርጄ የተሻለ ድሮን ገዛሁ። ልዩነቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ። አሮጌዋ ጥላ የሚመስል ነገር ስታሳየኝ ኖራለች፤ አዲሱ እሩቅ ቆሞ የቤት ክዳን ላይ ያለች እርግብ ዓይን ያሳያል። ሳይጠጋ ዓይኑን የሚያስረዝም ካሜራ አለው። አየር ላይ ብዙ ይቆያል። ድምፁ ደግሞ ሌላ ነው። ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ከወዴት እንደሚመጣ የማይታወቅ። በቤቴ ጓሮ ሳነሣው ውሻዬ አልጮኸችም፤ አልጋ ሥር ገብታ ቀረች። እኔም ሳቅሁባት።

ነሐሴ ማብቂያ ላይ ወንዙ ሞላና ሜዳውን አለበሰው። አንድ ጠዋት የቁሐር ሚካኤሉ አባ መንግሥቱ ደወሉልኝ። ቄስ ናቸው፤ ካባቸውን የምጠግነው እኔ ነኝ።

«የሺ ልጄ፣ ያ የምታበሪው ነገር ውኃ ላይ ያለ ሰው ያሳያል?»

«ያሳያል አባ። ማን ጠፋ?»

«ደሴ ነው።»

አያ ደሴ የልጆቹን ልብስ እኔ ዘንድ የሚያሰፋ ገበሬ ነው። ሁልጊዜ ልብሱን ትንሽ ሰፋ አድርጊው፣ ያድጋሉ ይለኛል።

«በሬውን ከግጦሽ ሊያወጣ እንደ ሄደ ውኃው መጣ» አሉ አባ። «ታንኳ ያላቸው እስከ ሐይቁ አፍ ድረስ ወርደው ፈለጉት፣ የለም። ዛሬ ቀትር ላይ ሊለቀስ ነው።»

«ሬሳው ሳይገኝ?»

«ልብሱ ወጥቶ። ብታገኚልን ግን አፈሩን እናለብሰው ነበር።»

ይህን የማታውቁ ካላችሁ፣ ውኃ የወሰደው ሰው ሬሳው ሲታጣ ልብሱና ዱላው ደጅ ይወጣና በእሱ ላይ ይለቀሳል። ከተለቀሰለት በኋላ ግን የሚፈልገው የለም። ታንኳው ተጎትቶ ይወጣል፣ ቀዛፊውም ለቅሶ ይቀመጣል። ስለዚህ ከቀትር በፊት መድረስ ነበረብኝ።

ጋሽ ሰይድ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጣ። «ደሴ ደንበኛዬ ነው። አንቺም ብቻሽን ውኃ ዳር አትቆሚም» አለ። ባጃጁ መንገዱ እስከሚያልቅበት ወሰደን፤ ከዚያ ጫማችንን በእጃችን ይዘን በጭቃው ሄድን። የዚያን ቀን ሜዳ አልረሳውም። ውኃው አይፈስም፣ አይንቀሳቀስም፣ የሰማዩን ግራጫ መልክ ይዞ ዝም ብሎ ተኝቷል። የት ውኃ እንደሆነ፣ የት ሰማይ እንደሆነ አይለይም። እዚህም እዚያም የሾላ ዛፍ ራሱን ብቻ አውጥቶ ቆሟል።

ቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ስለሆነ ደርቋል። ከአጥሩ ውጭ ባለው ሜዳ ላይ አልጋ ወጥቶ፣ በላዩ የአያ ደሴ የክት ልብስና ዱላው ተቀምጧል። ሰው ዙሪያውን መሰብሰብ ጀምሯል፤ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል። እኛ አልፈን ውኃው ዳር ወረድን። አባ መንግሥቱ፣ የደሴ ሚስት ጥሩ፣ ታንኳ ቀዛፊው አያ ቢምረው እዚያ ይጠብቁን ነበር።

ጥሩ እጄን ይዛ፣ «እትየ የሺ፣ ፊቱ የተበላሸ ከሆነ እንዳታሳዪኝ» አለችኝ።

ድሮኑን አነሣሁት። ከኋላችን ያለው ለቅሶ ጸጥ አለ። ተስፋ አድርገው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ያ ፀጥታ ከበደኝ።

ቀዛፊዎቹ የፈለጉት ውኃው ወደሚወርድበት ወደ ሐይቁ በኩል ስለነበር እኔ ወደ ላይኛው በኩል ላክሁት። ስክሪኑ ላይ ውኃ፣ ውኃ፣ የሰመጠ አጥር፣ ውኃ። ከዚያ እሩቅ አንድ ማማ ታየ። ማማ ማለት ሩዙ ሲደርስ ወፍ የሚጠብቁበት፣ በአራት ቋሚ ላይ የተሠራ የእንጨት አልጋ ነው። ያለፈው ዓመት ጭድ ገና ላዩ ላይ አለ። ያዘነበለ ነው። ከላዩ ሰው ቆሟል።

ዓይኔን አላመንኩም፤ ካሜራውን አስረዘምኩት። ነጭ ጋቢ ተከናንቧል። ፊቱ አይታይም። የጋቢው ጥለት ቀይ ነው፤ በአሮጌዋ ቢሆን ነጭ ነጥብ ብቻ ነበር የማየው።

ጥሩ ከትከሻዬ በላይ ሆና «እኔ የፈተልኩት ጋቢ ነው» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

ወደ እሱ ገፋሁት። ድሮኑ ሲቀርብ ሰውየው አልተወራጨም፣ እጁን አላነሣም። እንደ ሰም ቀለጠ ልበላችሁ? ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ጠፋ። ማማው ላይ ስደርስ ጭድ ብቻ ነው ያለው። ዞርኩ። ውኃው ላይ አንድ የሞገድ ክብ እንኳ አልታየም።

አባ መስቀላቸውን አወጡ።

«ካሜራው ተሳስቶ ይሆናል» አልኩ።

«ካሜራ ጋቢ ይለብሳል እንዴ?» አለ አያ ቢምረው። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፣ ከንፈሩ ግን ነጥቷል።

ወደ ኋላ አራቅሁት። እሩቅ እንደሄደ፣ ስክሪኑ ላይ፣ ማማው ላይ፣ ሰውየው እንደገና ቆሟል። ያው ጋቢ፣ ያው ፊት የሌለው አቋቋም። አሁን ግን ወደ እኛ ዞሯል፤ በቀጥታ ወደ ካሜራው።

ዳግመኛ ሄድኩ። ዳግመኛ ጠፋ። በዚህኛው ጭዱን ልነካው እስከሚቀረኝ ወርጄ አየሁ። ጭዱ ረግቶ ተኝቷል። ሰው የለም። በቋሚዎቹ መሐል ጥቁር ውኃ ብቻ።

«በቃ» አለች ጥሩ። «አታሳድጂው። ደክሞት ይሆናል፣ እዚያው ይረፍ። አባ፣ ይለቀስለት።»

አያ ቢምረው ወደ ታንኳው እንኳ አላየም። «እኔ ለሰው እቀዝፋለሁ። ለእንዲህ ያለው አልቀዝፍም፤ ቢገድሉኝ አልቀዝፍም።»

ባትሪው ሊያልቅ ስለነበር ድሮኑን መለስኩት። እየቀረበ ሲመጣ ያ ወፍራም ድምፅ ከራሳችን በላይ ሞላ። በደህና እስካወርደው ዓይኔን ከስክሪኑ አላነሣሁም። ጋሽ ሰይድ ግን ስክሪኑን ማየት ትቶ ነበር። ክንዴን ነካኝ።

«የሺ፣ ወደ ኋላሽ ዞር በይ።»

ዞርኩ። የለቅሶው ሜዳ ባዶ ነው። ያ ሁሉ ሰው የለም። በሜዳው መሐል አልጋው ብቻውን፣ በላዩ ልብሱና ዱላው፣ አንድ የተዘረጋ ጃንጥላ በነፋስ እየተንከባለለ። ሞቶ የተነሣው እሱ ሳይሆን የሞትነው እኛ የሆንን መሰለኝ።

«ግንቡን እዪ» አለ ጋሽ ሰይድ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር፣ በዛፎቹ ሥር፣ ሰዎቹ በሆዳቸው ተኝተዋል። እናቶች ልጆቻቸው ላይ ተደፍተዋል። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው እንደ ድንጋይ ኩርምት ብለዋል። ማንም አይጮኽም። ስልቱን የተማሩ ናቸው፤ የአንድ ቀን ሳይሆን የተለመደ ነገር።

ድሮኑን መሬት አወረድኩት። ድምፁ ሲጠፋ ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ፣ አፈራቸውን አራገፉ፣ ወደ አልጋው ተመለሱ። አንዷ ሴት ለቅሶዋን ካቆመችበት ቀጠለች።

«ገበሬው የት እንዳለ አወቅሽ?» አለኝ ጋሽ ሰይድ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። «እነዚህ ሰምተውት እንደ ተደበቁ፣ ማማው ላይ ያለውም ሰምቶሽ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ገባኝ፤ ለእነሱ ይህ ድምፅ በጦርነቱ ቦምብ የሚጥለው ድሮን ድምፅ ነው። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ጥሩ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «ምን እያላችሁ ነው? ንገሩኝ።»

«ቆዪ» አልኳት። «አሁን አልናገርም። አሁን እናያለን።»

አባ መንግሥቱን ወደ ለቅሶው ሄደው አሁን የሚነሣው ድሮን የእኔ እንደሆነ፣ ካሜራ ብቻ እንደሆነ እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው። ሄዱ። ባትሪ ቀየርኩ። ከዚያ ድሮኑን ወደ ማማው ሳይሆን ወደ ጎን፣ ነፋሱ ድምፁን ከማማው ወደሚያርቅበት በኩል አወጣሁት፤ በጣም ከፍ አደረግሁና እሩቅ አቆምኩት። ንቅንቅ አላልኩም። ዓይኑን ብቻ አስረዘምኩ። ለዚህ ነበር ለካ የስፌት መኪናዬን የሸጥኩት።

ማማው ስክሪኑ ላይ መጣ። ባዶ ነው። ጠበቅን። ባዶ። ባትሪው እየወረደ ነው። ባዶ።

ከዚያ ከማማው ሥር፣ ከጥቁሩ ውኃ ውስጥ፣ አንድ እጅ ወጣና እንጨቱን ያዘ።

አያ ቢምረው «በስመአብ» አለ።

ሌላ እጅ። ራስ። ሰውየው በክንዱ እየተጎተተ፣ አንድ እግሩን እንደ በድን እየጎተተ፣ ማማው ላይ ወጣ። ተኛ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰማዩን ዙሪያውን አየ። የረጠበውን ጋቢ ከላዩ አነሣና ለመጭመቅ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ሲል ግራ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

ጥሩ ክንዴን ጨመቀችኝ። ጥፍሯ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

«ወገቡን ያዘ» አለች። «አያችሁት? ወገቡን ያዘ። ማጭድ ሲያነሣም እንዲሁ ነው፣ ውኃ ሲቀዳም እንዲሁ ነው። እያየኸው ነው አያ ቢምረው? ሞቶ ወገቡን ያመዋል እንዴ?»

አያ ቢምረው ታንኳውን እየገፋ ነበር።

ድሮኑን በሌላ በኩል አዙሬ አወረድኩት። ከዚያ በኋላ የምናየው በዓይናችን ብቻ ነው፤ ግራጫው ላይ ታንኳዋ እያነሰች ሄደች፣ ጠፋች። የቢምረው ድምፅ ግን ውኃው ላይ ተንሸራቶ ይደርሰናል። «ደሴ! እኔ ነኝ! ቢምረው ነኝ!» እያለ። መልስ የለም። እንደገና ይጣራል። መልስ የለም። ከለቅሶው ሰዎች ግማሾቹ ወርደው አጠገባችን ቆመው ነበር። በመጨረሻ ከሩቅ አንድ የጎረነነ፣ የተቆራረጠ ድምፅ ተሰማ። ጥሩ መሬት ላይ ተደፍታ አፈሩን ሳመች።

ሲያመጣው ከንፈሩ ነጥቷል፣ ከጉልበቱ በታች እግሩ አብጦ እንጨት ሆኗል። በሬው ውኃ ውስጥ ሲወራጭ የሰበረው ነው። ሣሩ ላይ ሊያስቀምጡት ሲሉ ዓይኑ ድሮኑ ላይ ወደቀ። ያ እግሩ የተሰበረ ሰው በክርኑ ወደ ኋላ ተሳበ። ነጠላዬን አውልቄ ድሮኑን አለበስኩት። ሌላ የማደርገው አልታየኝም።

«አባ» አለ አያ ደሴ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ሁለት ጊዜ መጣብኝ። በመጀመሪያው ጭዱን ለብሼ ተኛሁ። በሁለተኛው ተመልሶ ሲመጣብኝ ጊዜ ከማማው ወርጄ ውኃው ውስጥ ገባሁ፤ ቋሚውን አቅፌ አፍንጫዬን ብቻ አወጣሁ። ሦስተኛ ቢመጣ እጄ አይችልም ነበር። ልለቀው ነበር።»

ሁሉም ወደ እኔ እንዳያዩ ወደ መሬት አዩ።

«የማን ነው?» አለ።

«የእኔ ነው አያ ደሴ። የሺ ነኝ፣ ልብስ ሰፊዋ። ልንፈልግህ ነው የመጣነው።»

ብዙ አየኝ። ፊቱ ላይ የቁጣ ምልክት ፈልጌ አጣሁ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አለ። «ታዲያ ሰማይ ላይ ሆነሽ በምን ልወቅሽ?»

እግሩ ድኗል፤ ትንሽ ያነክሳል እንጂ ያርሳል። አልጋው ላይ የወጣውን የክት ልብስ ግን ከዚያ ወዲህ አይለብሰውም ብላኛለች ጥሩ። ለሌላ ሰው ሰጡት።

በሳምንቱ አሮጌዎቹን ፊልሞች ከጋሽ ሰይድ ሱቅ ቴሌቪዥን ላይ ሰክተን አየናቸው። ስንት ጊዜ ያየኋቸው ናቸው። አሁን ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ባዶ መንገድ ላይ የተገለበጠ ዘንቢል። ማንም የሌለበት ጉድጓድ ዳር የቆሙ ጀሪካኖች፣ አንዱ እየፈሰሰ። የበሬዎቹ ፊልም መጣ። ጋሽ ሰይድ ተነሥቶ ጣቱን ቴሌቪዥኑ ላይ አደረገ። ከማሳው ዳር፣ ከቁጥቋጦው ሥር፣ ሳየው የኖርኩት የድንጋይ ክምር አለ። ድንጋዩ ባርኔጣ አድርጓል።

ሰላም ብዬ ሳደንቀው የኖርኩት ፀጥታ እኔው የፈጠርኩት ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ድሮን የላችሁም። ግን ሁላችንም ሌላውን ከሩቅ የምናይበት አንድ ነገር አለን። እኔ የተሻለ ካሜራ ስገዛ የተሻለ የማይ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ማየትን ያወቅሁት ከሥር ምን እንደምመስል ካየሁ በኋላ ነው። አሁን ከማብረሬ በፊት ቀድሜ በእግሬ እሄዳለሁ። ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ጋሽ ሰይድ ከመስጊዱ ሰዎች ጋር አገናኝቶኝ፣ መሬት ላይ አስነሥቼ ድምፁን አሰማቸዋለሁ፣ ልጆቹ ይነኩታል። እምቢ ካሉኝ ሳጥኑን ዘግቼ እመለሳለሁ።

ባለፈው የእርሻ ወራት አያ ደሴ ራሱ ጠራኝ። «ነይ ቅረፂኝ፣ ልጆቼ ይዩት» አለ። ነግሬው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ተስማምተን አነሣሁት። ስክሪኑ ላይ በሬዎቹ መጡ፣ ሞፈሩ መጣ፣ ገበሬውም እርፉን ይዞ ከኋላቸው አለ። አልተደበቀም። ጅራፉን አንሥቶ በሬዎቹን ተጣራ። ጋሽ ሰይድ ከጎኔ ሆኖ «ተመስገን፣ ገበሬው አለ» አለ።

እኔ ግን ካሜራውን አስረዝሜ ነበር። እርፉን የያዘው እጁ ጠንክሯል። ትከሻው እስከ ጆሮው ተሰብስቧል፤ ከላይ የሚወርድበትን እንደሚጠብቅ ሰው አንገቱን ቀብሯል። እኔ መሆኔን እያወቀ።

ድሮኑን አወረድኩና ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ጫማዬን አውልቄ ቀሪውን መንገድ በጭቃው በእግሬ ሄድኩ። አያ ደሴ ሲያየኝ በሬዎቹን አቆመ፣ ትከሻውም ወረደ።